ሚስማሩ ላይ ያለው

ከሥጋው ቦርድ ቢሮ ለፎቶ ተልኬ፣
ዳገቱን ወጣሁት ግማሽ ተንበርክኬ።
መስከረም ነው ወሩ፤ ዌልስ ግን ዝናብ ነው፤
ሰማዩ እርጥብ ሱፍ፣ በጎቹ ላይ ያረፈው።

ሄውልዌን ቤብ ትባላለች፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ፣
ከበራፏ ቆማ፣ ውሻዋ ከፊቷ፣
«ከቦርዱ ነህ?» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ፣
«ከየበጉ ራስ ላይ ፔኒ የምትቆርጥብኝ?»

አዎ አልኳት። ነኝ። ቃላቱን አውቃለሁ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ለገበሬ ብያለሁ፦
ከታረደው ሁሉ ጥቂቱ ይቀነሳል፤
ቀራጩ ቄራው ነው፣ ለእኛ ይደርሰናል፤
ማስታወቂያ ይሆናል ለጃፓን፣ ለዱባይ፣
ማኅተም ይሆናል በየሥጋው ገጽ ላይ፤
ያለፈው ሳምንት እንኳ፣ በቀይ መብራት ሥር
መቶ ሰው ጥብስ ቀመሰ፤ ከአሥር ሲቆጠር
ልስላሴው ስምንት፣ ጠረኑ ግን ሰባት—
ሳልጨርስ ዞረች ወደ ውስጥ፣ ወደ ማጀት።

ከምድጃው አጠገብ አንድ ሚስማር አለ፣
የቄራ ደረሰኝ የተንጠለጠለ፣
አንዱ በአንዱ ላይ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣
ታችኛው የጠቆረ፣ ላይኛው የሚያብለጨልጭ።
«የሠላሳ ስድስት ዓመት ነው» አለችኝ፤
«ባሌ ነው የጀመረው፤ ሲሞት አወረሰኝ።
የፎቶ አልበም የለንም። ልጅም አልወለድን።
ይኼ ነው መዝገባችን፤ ምን እንደ ሸጥን፣
ምን እንደ ተቆረጥን።»

አውራ ጣቷን አርሳ አንድ በአንድ ገለጠች፣
ዓመቱን ሳይሆን ጠባዩን እየጠራች፦
«ይቺ የበረዶው ናት፤ አርባ ግልገል ቀበርን።
ይቺ ኢድዋል እግሩ የተሰበረባት፤ በጎረቤት አጨድን።
ይቺ ዋጋ የደላባት፤ በር ገዛን፣ ቀይ ቀለም ቀባን።»

ከዚያ እጇ ቆመ።
ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሲሻገር
አንድ ዓመት ጎደለ።
«የዚህስ?» አልኳት፤ አፌ ቀድሞኝ ነበር።

«አፍተግር ገባ» አለች፣ «ከሸለቆው ማዶ።
የእኛ አልታመሙም፤ ወረቀት ግን መጣ፣ ሁሉን በአንድ ፈርዶ።
አራት መቶ ሠላሳ። በጥይት። በአንድ ቀን።
እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ማጀቱን ሲያበራልን
ኢድዋል ተነሣና መብራቱን አጠፋው፤
‹ይበቃናል› አለ። ያ ነው የተናገረው።
በዚያ ዓመት ማንም ምንም አልቆረጠብን።
ካሣ ከፈሉን እንጂ፣ አንዲት ፔኒ አልቀነሱብን።»

እጇን ከሚስማሩ አነሣች። ውሻው ተነፈሰ።

«በል አንሣ ፎቶህን። ከየት ልቁምልህ?
ግልገሎቹ አደጉ እንጂ፣ አንዱን ባቀፍኩልህ።»
ሳቀች። እኔ ግን ያነሣሁት ሚስማሩን ነው፤
የወረቀቱን ክምር፣ ዝገት የነካካው፣
እዚያ መሀል ያለውን የማይታይ ዓመት፣
የአየር ያህል ቀጭን፣ የጥላ ያህል ክፍተት።

አለቃዬ ኔስታ አየችው፤ ዝም አለች።
ክፉ ሰው አይደለችም። መነጽሯን አወለቀች።
«ዝገት ሥጋ አይሸጥም» አለች በመጨረሻ፤
«ሌላ ቀን አንሣልኝ፤ ፀሐይ፣ ሣር፣ በግ፣ ውሻ።»
እውነቷን ነው ደግሞ። ሥጋው ካልተሸጠ
ያ ቀይ በር ይወድቃል፤ ዳገቱም ባዶ ነው፣ ሰውም አመለጠ።

አሁን ባቡር ጣቢያው ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤
ሣሩ ያበራል፣ በጉ ወደ ሩቅ ያያል።
የሄውልዌን አይደለም። የማን እንደሆነ እንጃ።

በኅዳር ዝርዝሩ ከጠረጴዛዬ ደረሰ፦
ቤብ፤ ሠላሳ አንድ ራስ፤ ከየራሱ ተቀነሰ።
ፈረምኩ። በመስኮት አየሁ።
መንታው ወረቀት ይኼኔ
በፖስተኛ ከረጢት ዳገቱን ይወጣል፤
ውሻው ይጮኻል።
ሚስማሩ ቦታ አለው፤ ጫፉ ገና ይታያል።